የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሱሉልታ ላይ የጠዋት ብርድ ያንዘፈዝፋል። በዚያ ሰዓት ከየግቢው መኪና ሲነሳ ቆም ብዬ አዳምጣለሁ፤ የሥራ ልማድ ነው። አንዳንዱ መኪና «ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ» እያለ ይወጣል። ያ መኪና ይዋል ይደር እንጂ ጋራዥ መምጣቱ አይቀርም። ባለቤቶቹ የሚጠይቁኝም ብዙ አይለያይም። ከመኪና ሥር ሆኜ እየጮህኩ ከምመልስ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ጓርኒሲዮን ማለት ሁለት ብረቶች ሲገጣጠሙ መሃላቸው የሚገባው ማሸጊያ ነው፤ አንዳንዱ ጋስኬት ይለዋል። አንድ ነገር ነው።

«ጓርኒሲዮን አቃጥሏል» አሉኝ። ሞተር ሊወርድ ነው እንዴ?

ረጋ በሉ። መጀመሪያ የትኛው ጓርኒሲዮን እንደሆነ ጠይቁ። ሰው የሚፈራው የቴስታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛውን ክዳን ነው። እሱ ሲሄድ ውሃ ይጎድላል፣ ሞተር ይሞቃል፣ ከኋላ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ዘይቱም ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ማኪያቶ ሊመስል ይችላል። ያ ከባድ ሥራ ነው፤ ቴስታ ይነሳል።

እዚህ የማወራው ስለ ጭስ ማውጫው ጓርኒሲዮን ነው። ለእሱ ሞተርም አይወርድም፣ ቴስታም አይነሳም። ሁለቱን ሳይለይ ዋጋ የሚጠራላችሁ ጋራዥ ካጋጠማችሁ ሌላ ቦታ ጠይቁ።

የት ነው ያለው? ሥራውስ ምንድን ነው?

ሞተሩ ያቃጠለው ጋዝ ከቴስታው ወጥቶ ከየሲሊንደሩ ጭስ የሚሰበስበው ማኒፎልድ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወደ ታች በሚወርደው ቱቦ አድርጎ፣ ጭሱን በሚያጣራው ካታላይዘርና ድምፁን በሚያፍነው ማርሚታ አልፎ ከኋላ ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ ብረት ከብረት ጋር በቡሎን ሲገናኝ መሃል ላይ ጓርኒሲዮን ይገባል። ሁለት ብረቶች ምንም ያህል ቢስተካከሉ በመካከላቸው ክፍተት አይጠፋም። ጓርኒሲዮኑ ሲጨመቅ ያቺን ክፍተት ይሞላል።

ዋናው በቴስታውና በማኒፎልዱ መካከል ያለው ነው። ከሁሉም በላይ የሚቃጠለው እሱ ነው፤ ዳገት ላይ ማኒፎልዱ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል። ስለዚህ ከተደራረበ ስስ ብረት፣ ወይም ብረት መሃሉ ካለበት ግራፋይት ይሠራል። ሁለተኛው ማኒፎልዱ ከታችኛው ቱቦ ጋር የሚገናኝበት ነው። ብዙ ቶዮታ ላይ ቀለበት መሰል ሆኖ ባለ ሞላ ቡሎን ይይዘዋል። ሞላው ያለ ምክንያት አልተቀመጠም። ሞተሩ ሲወዛወዝ መገጣጠሚያው አብሮ እንዲተጣጠፍ ነው። ወደ ኋላ፣ ማርሚታው አካባቢ ያሉት ሙቀታቸው ያነሰ ነው፤ ችግራቸውም ይቀላል።

ጠዋት ቲክ ቲክ ይልና ሲሞቅ ይጠፋል። ከጠፋ ታዲያ ምን አስጨነቀኝ?

ድምፁ የጠፋው ችግሩ ስለተፈታ አይደለም። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል። ማኒፎልዱ ሲለጠጥ ክፍተቱን ለጊዜው ይዘጋዋል። ማታ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይከፈታል። በየቀኑ እንዲህ ሲሆን፣ የሚያመልጠው ትኩስ ጋዝ ጓርኒሲዮኑን እየላጠ ቆይቶ ደግሞ የብረቱን ፊት ይበላል። ዛሬ በጓርኒሲዮን ብቻ የሚያልቅ ሥራ ነገ ማኒፎልድ ሊያስገዛ ይችላል።

ድምፁን የሞተሩን ቫልቭ ከሚገፋው ፑንቴሪያ ጋር አታምታቱት። ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተርም ቲክ ይላል። መለያው ጭነት ነው። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣውን ዳገት ያዙና መስኮት ከፍታችሁ ነዳጅ ስጡት። የሚተነፍስ ጓርኒሲዮን ከሆነ ድምፁ ይጎላል፣ እግራችሁን ስታነሱ ይቀንሳል። ፑንቴሪያ ዳገትና ሜዳ ብዙም አይለይም።

ጭስ ብቻ እኮ ነው። ያን ያህል አደገኛ ነው?

አዎ። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ከሞተር በሚወጣው ጋዝ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ቀለም የለውም። ሽታ የለውም። መኪና ውስጥ የሚሸታችሁ አብረውት ያሉት ሌሎቹ ናቸው። ስለዚህ «ብዙም አይሸትም» ማለት «ብዙም የለም» ማለት አይደለም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይህ ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። አንዴ ከያዘው ቶሎ አይለቅም።

እኛ ደግሞ ደጋ ነን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሱሉልታ ከ2,500 ይበልጣል። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው በሩብ ገደማ ያንሳል። ይህ ጋዝ የሚቀማን ከጎደለው ላይ ነው። በዚያ ላይ ብርድ ስለሆነ መስኮት ዘግተን፣ ማሞቂያ ከፍተን ነው የምንነዳው። የማሞቂያው ፋን አየር የሚስበው ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ከኮፈኑ ጫፍ ነው። ማኒፎልዱ ላይ የሚያመልጠው ጭስ ደግሞ ኮፈኑ ሥር ነው የሚጠራቀመው። ስለዚህ መብራት ላይ ወይም ወረፋ ላይ ስትቆሙ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል።

አንዲት መምህርት ደንበኛ አለችን። ሁለት ልጆቿን ይዛ በየጠዋቱ ወደ ከተማ ትወርዳለች። ልጆቹ አዲሱ ገበያ ሲደርሱ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ትንሿ ታቅለሸልሻለች። ቁርስ ስላልበሉ ነው ተባለ። ሳይነስ ነው ተባለ። እሑድ እሑድ ቤት ሲውሉ ግን ምንም የለም። መኪናዋን ያመጣችው ለዘይት ቅየራ ነበር። ሳነሳው የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ሦስተኛው ሲሊንደር ጋ ተበልቷል። ቴስታው ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ጥላሸት ተጋግሯል። የመሪው ዘንግ ወደ መኪናው ውስጥ የሚያልፍበት ጎማም ተቀዷል። «እህቴ፣ ልጆቹን ራስ ምታት የሚይዛቸው መኪና ውስጥ ብቻ ነው?» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት አልረሳውም። ጓርኒሲዮኑንም ጎማውንም ቀየርን። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ራሳቸውን ይዘው አልወረዱም።

መኪና ውስጥ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ መስኮት ክፈቱ፣ ዳር ያዙ፣ ውጡ። ንጹህ አየር ላይ ስትሆኑ የሚሻላችሁ ከሆነ መኪናው ሳይታይ አትንዱት። የደከመ ወይም የተምታታበት ሰው ካለ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ መኪና ውስጥ እንደነበረም ንገሯቸው። የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ መኪና ማሞቅ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ ደህና ቢሆንም አይደረግም።

ቤንዚን መብላት ጀመረ። የሞተር መብራትም በራ። ከዚህ ጋር ይያያዛል?

ሊያያዝ ይችላል። ጭስ በእኩል አይወጣም፤ እየገፋ እየቆመ ነው። በሚቆምባት ቅጽበት በተበላው ጓርኒሲዮን በኩል የውጭ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ያ አየር ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ኦክስጅን ሴንሰር ጋ ይደርሳል። ሴንሰሩ «ኦክስጅን ተረፈ፣ ቤንዚን አንሷል» ብሎ ይናገራል። ኮምፒውተሩም አምኖ ቤንዚን ይጨምራል። በከንቱ። ትርፉ ቤንዚን ካታላይዘሩንም ይጎዳል።

የመመርመሪያ ማሽን ሲገጠም ፒ 0171 የሚለው ኮድ («ቤንዚን አንሷል» ማለት ነው) ከመጣ፣ «ሴንሰር ቀይር» ከመባሉ በፊት ከሴንሰሩ በፊት ያሉት መገጣጠሚያዎች ይታዩ። ስንት ሰው ለደህና ሴንሰር ገንዘብ አውጥቷል። ተርቦ ያላቸው የናፍጣ መኪኖች ላይ ደግሞ ከተርቦው በፊት ከተነፈሰ ጉልበት ይጠፋል፤ ዳገት ላይ ማርሽ መቀነስ ትጀምራላችሁ።

አምና አስቀይሬ ነበር፣ ዘንድሮም ሄደ። ለምን?

ይህ ጥያቄ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ጓርኒሲዮን በራሱ ጊዜ ብዙም አይሞትም። የሚገድለው ነገር አለ። ገዳዩ ሳይገኝ አዲስ ጓርኒሲዮን ማስገባት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

አንደኛው፣ ማኒፎልዱ ተጣሟል። ብረቱ ለዓመታት እየጋለ እየቀዘቀዘ ፊቱ ቀጥ ብሎ መቆሙን ይተዋል። ፈትታችሁ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ብረት ፊቱ ላይ አጋድሙና ከኋላ መብራት አብሩ። ብርሃን የሚታይበት ቦታ አለ? ተራ የኮፒ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ወረቀት ተደርቦ ካለፈ 0.3 ሆነ ማለት ነው። የሚፈቀደው ልክ እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ ነገር ግን በዚህ ትንሽ ቁጥር ነው የምንጫወተው። ከልክ ካለፈ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ይስተካከላል። ይህን የሚዘሉ ጋራዦች ብዙ ናቸው። በእኔ እምነት ከዓመት ዓመት የሚመላለስ ሥራ ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው፣ አንድ ቡሎን ተሰብሮ ወይም ዳዶው ወልቆ ጠፍቷል። «በቀሩት ይይዛል» ይባላል። አይይዝም።

ሦስተኛው ከመኪናው ሥር ነው። የሞተር መያዣው ጎማ ካረጀ ሞተሩ ይወራጫል፣ ቱቦውንም ይጎትታል። የማርሚታው ማንጠልጠያ ጎማ ከተበጠሰ የማርሚታው ክብደት በሙሉ የፊቱን መገጣጠሚያ ይጎትታል። የእኛ መንደር መንገድ ደግሞ ግማሹ ኮብልስቶን፣ ግማሹ ጉድጓድ ነው። ክረምት ላይ የጋለ ቱቦ ይዞ ውሃ ውስጥ መግባትም ብረቱን ያስደነግጠዋል። ስለዚህ ጓርኒሲዮን ስታስቀይሩ እነዚህን ጎማዎች በእጃችሁ ነቅንቁ። ርካሽ ናቸው።

ጋራዥ ሳልሄድ እቤት ማረጋገጥ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ሞተሩ ሌሊቱን የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ቦታው ሜዳ ላይ፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ።

መጀመሪያ በዓይን እዩ። ማኒፎልዱ ቴስታው ላይ የተቀመጠበትን መስመር በባትሪ ብርሃን ተከተሉ። ጥቁር ወይም ግራጫ ጥላሸት እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ካያችሁ ተገኘ። ከዚያ ኦሞ ውሃ ውስጥ በጥብጣችሁ መርጫ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሩ። መገጣጠሚያዎቹን አርጥቡና አንድ ሰው ሞተሩን ያስነሳ። የሚተነፍሰው ቦታ አረፋ ይደፍቃል። ያላችሁ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ማኒፎልዱ ቶሎ ይግላል፣ ውሃውም ይደርቃል። የጋለ ብረት ላይ ውሃ አትርጩ።

አረፋ ካልታየ አንድ ሜትር የሚሆን የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ጋ፣ ሌላውን መገጣጠሚያው አጠገብ አድርጉ። የሚተነፍሰው ጋ ስትደርሱ ድምፁ «ፍስ፣ ፍስ» እያለ ጆሯችሁ ውስጥ ይገባል። አንገታችሁ ላይ ያለ ፎጣም ሆነ ነጠላ አውልቁ፤ ቺንጋና ፋን አጠገብ ናችሁ።

በሲሊኮን ለጊዜው ይያዝልኝ?

ማኒፎልዱ ላይ አይሆንም። ለሙቀት ተብሎ የሚሸጠው ቀዩ ሲሊኮን እንኳ 300 ዲግሪ አካባቢ ነው አቅሙ። እዚያ ያለው ሙቀት ደግሞ እጥፍ ነው። ተቃጥሎ ይረግፋል። የሚወጣው ጋዝም ኦክስጅን ሴንሰሩን ሊያበላሽ ይችላል።

የራሴ መኪና ላይ ደርሶብኛል። ሙያውን ሳልጀምር ነው። አንድ ጋራዥ አዲስ ጓርኒሲዮን ገጠምኩ ብሎ ገንዘብ ተቀበለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሲፈታ የቀድሞው ጓርኒሲዮን ላይ ቀይ ሲሊኮን ተለቅልቆበት ተገኘ። የተናደድኩት ለገንዘቡ አልነበረም። እናቴን ከኋላ አስቀምጬ በዚያ መኪና እስከ ፍቼ ሄጃለሁ።

ወደ ኋላ፣ ቱቦ ቱቦ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ላይ ለጭስ ማውጫ ተብሎ የሚሸጠው ማጣበቂያ ሊጠቅም ይችላል። እዚያ ያለው ሙቀት ዝቅ ያለ ነው።

ጓርኒሲዮኑን ምን ዓይነት ልግዛ?

አሮጌውን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ስትገቡ «የቪትዝ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ አንድ መኪና የተለያየ ሞተር አለው። የሞተሩን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ፣ አዲሱን አሮጌው ላይ ደርቡና ቀዳዳ በቀዳዳ አስተያዩ። የጓርኒሲዮኑ ቀዳዳ ከማኒፎልዱ ቀዳዳ ከጠበበ ጭሱ ጠርዙን እየመታ ያቃጥለዋል።

ያገለገለ ጓርኒሲዮን አይገዛም። አንዴ ተጨምቋል፣ ሁለተኛ አይጨመቅም። ከሉህ ላይ ተቆርጦ በመዶሻ የሚሠራውም ለውሃ ፓምፕ እንጂ ለማኒፎልድ አይሆንም። ዳዶዎቹንም አብራችሁ ግዙ።

ኦርጅናሉ ይወደዳል፣ አውቃለሁ። ግን በ2016 ዓ.ም በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያለውን መኪና ረጅም ጊዜ ነው የምንይዘው። ለሚቆይ መኪና የሚቆይ ዕቃ ይሻላል።

ራሴ መቀየር እችላለሁ?

የታችኛውን ቀለበት አዎ፣ እጁ ቁልፍ የለመደ ሰው ይችላል። የማኒፎልዱን ግን ዳዶዎቹ ካልዛጉ ብቻ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ከሥር የምትገቡ ከሆነ መኪናው ጠንካራ መደገፊያ ላይ ይረፍ።

ከዋዜማው ማታ ዳዶዎቹ ላይ ዝገት ፈቺ እርጩና ይደር። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ሴንሰሩን ሶኬቱን አውጡ፣ ሽቦውን አትጎትቱ። የሙቀት መከላከያውን ቆርቆሮ አንሱ፣ የታችኛውን ቱቦ አላቁ። የማኒፎልዱን ዳዶዎች ከዳርና ዳር ጀምራችሁ ወደ መሃል ፍቱ። የማይንቀሳቀስ ካለ በጉልበት አትሂዱበት። ትንሽ ወደ መፍታት፣ ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ እንደገና ርጩ።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ፤ ማጽዳት። ከግማሽ በላይ ጊዜያችሁ እዚህ ይለቅ። የቴስታውን ቀዳዳዎች በጨርቅ ድፈኑ። የተጋገረውን ስለት በሌለው መፋቂያና በነሐስ ብሩሽ አንሱ። ብዙ ቴስታ አሉሚኒየም ነው፤ የሚሽከረከር ድንጋይ ካስጠጋችሁበት አለቀለት። አሮጌ መኪና ከሆነ ጓርኒሲዮኑ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በውሃ አርጥባችሁ እንጂ ደረቁን አትፈግፍጉ፣ በአፍም አትንፉ። ጣታችሁን ፊቱ ላይ አሽከርክሩ። ጣት የሚይዘው ጉብታ ካለ ገና አልጸዳም።

ስትገጥሙ ምንም ቅባት ሳታደርጉ ጓርኒሲዮኑን አስቀምጡ። ዳዶዎቹን ሁሉ መጀመሪያ በእጅ አስገቡ። ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ሦስት ዙር አጥብቁ። ጥንካሬው ከመኪናው መጽሐፍ ይወሰዳል፣ በቶርክ ሬንችም ይለካል። በክንድ ጉልበት የሚጠብቅ ማኒፎልድ አንድ ቦታ ይላላል፣ ሌላ ቦታ ቡሎን ይሰብራል። ባለ ሞላው ላይ ደግሞ ሞላውን ጨፍልቃችሁ አትዝጉት።

ቡሎን ተሰበረብኝ!

ቆም በሉ። ትንሽ ጫፍ ወጥቶ ከቀረ ዳዶ በላዩ ተበይዶ በቁልፍ ይወጣል። የብየዳው ሙቀትም ዝገቱን ያላላዋል። ከውስጥ ከተሰበረ በመሃሉ ተበስቶ ነው የሚወጣው። ያ የቶርኖ ቤት ሰው ሥራ ነው። ቀሽም መብሻ ወደ ጎን ከሄደ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል።

ስንት ያስወጣኛል? ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የታችኛው ቀለበት አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የማኒፎልዱ ግማሽ ቀን፤ ቡሎን ከተሰበረ ወይም ቶርኖ ቤት ከተሄደ ሙሉ ቀን። አብዛኛው ወጪ ጉልበት ነው። የዕቃና የጉልበት ዋጋ ተለይቶ ይነገራችሁ፤ ቡሎን ቢሰበር ማን እንደሚከፍልም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አሮጌውን ጓርኒሲዮን መልሱልኝ በሉ። ከዚያ «ፊቱን ለካችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። የለካ ሰው ደስ ብሎት ያሳያችኋል።

ከተቀየረ በኋላ ኮፈን ሥር ጭስ አየሁ። ልክ ነው?

ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ልክ ነው። ዝገት ፈቺውና የእጅ ቅባቱ ነው የሚቃጠለው። ደጅ ላይ፣ ኮፈኑን ከፍታችሁ 15 ደቂቃ ያህል ይሥራ። ከግማሽ ሰዓት መንዳት በኋላም ከሸተተ ተመለሱ።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዳዶዎቹ እንደገና ይጠበቁ አይጠበቁ የሚለው እንደ ጓርኒሲዮኑ ዓይነት ነው፤ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። በማግስቱ ጠዋት ግን አንድ ነገር አድርጉ። ሬዲዮ ዝጉ፣ ኮፈኑን ክፈቱ፣ ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሱና አዳምጡ። ቲክ ካለ ሳይሞቅ አጥፉትና ደውሉልን፤ ሲሞቅ ድምፁ ይደበቅብናል።